ከሕሙማን አልጋ ወደ ምርምር፦ በጅማ ለሚገኝ ጀማሪ የጤና ተመራማሪ የሥልጠና መንገዶች ንጽጽር

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኢንስቲትዩትና በሕክምና ማዕከሉ የሚሠራ ወጣት ሐኪም፣ ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም መምህር ምርምር ለመማር ሲያስብ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም የሚደርሱት ጥሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቋንቋ ይናገራሉ። የአቅም ግንባታ፣ የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ ፌሎሺፕ፣ አማካሪ የሚሉት ቃላት ከአንዱም አይጠፉም። ከጥሪዎቹ በስተጀርባ ያለው ሥልጠና ግን እጅግ ይለያያል። አንዱ ሠልጣኙን በአንድ ዓመት ውስጥ የራሱን ጽሑፍ ለመጽሔት እስከ ማቅረብ ያደርሰዋል፤ ሌላው ሁለት ዓመት ሙሉ መጠይቅ ሲያስሞላ ያቆየውና ስሙን በምስጋና ገጽ ላይ አስፍሮ ያሰናብተዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ምርጫው ለከበዳቸው ጀማሪዎችና እነርሱን ለሚመድቡ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ነው።

ጅማ ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ሲሆን፣ የጤናው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ ማስተማርን መለያው አድርጎ ቆይቷል። ስለዚህ እዚህ የተማረ ባለሙያ መጠይቅ ይዞ ቀበሌ መግባትን ገና በተማሪነቱ ያውቀዋል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጥያቄውን የራሱ ማድረግ፣ መረጃውን በራሱ እጅ መተንተን፣ ጽሑፉን ጽፎ ለገምጋሚዎች ትችት ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት። የትኛውም የሥልጠና መንገድ ሊመዘን የሚገባው እነዚህን በማስተማር አቅሙ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የተጠበቀ ጊዜ ነው። ቀን ራውንድና ተመላላሽ ክፍል፣ ሌሊት ተረኝነት፣ በመካከሉም ማስተማር ያለበት ሐኪም ምርምሩን የሚሠራው ከእንቅልፉ ቀንሶ ነው፤ እንዲህ የተሠራ ጥናት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መረጃው ተሰብስቦ ሳይጻፍ ይቀራል። አንድ ሥልጠና ጊዜ ይሰጣል የሚባለው የትምህርት ክፍሉ ሠልጣኙን በሳምንት ስንት ቀን ከሕክምና ሥራ እንደሚለቀው፣ በዚያ ቀን ማን እንደሚተካውም በደብዳቤ ሲያረጋግጥ ነው። የቃል ተስፋ ሰው ሲጎድል በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል። ኃላፊዎች ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሕመምተኛው በር ላይ ቆሟልና ነው።

ሁለተኛው የአማካሪ ቅርበት ነው። ታዋቂ ስም ያለው ነገር ግን በሦስት ወር አንዴ በኢሜይል የሚመልስ ፕሮፌሰር፣ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ከጎን ተቀምጦ ረቂቁን የሚያርም የአገር ውስጥ አማካሪን አይተካም። ሁለቱም ቢኖሩ እጅግ መልካም ነው። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ግን ጀማሪውን የሚያሳድገው ሁለተኛው እንደሆነ በብዙ ሬዚደንቶች (የስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ባሉ ሐኪሞች) ላይ አይቻለሁ።

ሦስተኛው፣ ሰዎች ለመጠየቅ የሚያፍሩበት ነው፦ ጥያቄው የማን ነው? መረጃውስ? በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የውጭ አጋር በነበረው አንድ ጥናት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። መጠይቁን ወደ አፋን ኦሮሞ አስተርጉሜአለሁ፣ መረጃ ሰብሳቢዎችን አሠልጥኛለሁ፣ በክረምት ጭቃ እየተጓዝኩ የተሞሉትን ቅጾች አርሜአለሁ። ጽሑፉ ሲወጣ ስሜ በምስጋናው ውስጥ ነበር። በዚያው መረጃ ላይ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ለመመርመር ፈቃድ ስጠይቅ ደግሞ በስምምነቱ ውስጥ ይህን የሚፈቅድ አንቀጽ እንደሌለ ተነገረኝ። ስምምነቱን ቀድሜ እንዳነብ የመከረኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ ምክር ፈልገው ለሚመጡ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «የትብብር ሰነዱን አንብበኸዋል? አንብበሽዋል?» የሚል የሆነው ከዚያ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ሊያውቁት የሚገባ መብት አለ። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲነትን የሚወስነው በአራት መስፈርቶች ነው፦ በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃ ማግኘት ወይም በትንተና ጉልህ ድርሻ ማበርከት፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂነትን መውሰድ። አራቱም መሟላት አለባቸው። በመስክ የደከመ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሁለተኛው መስፈርት ነው፤ ረቂቁን እንዲያርም አይጠራምና። ይሁን እንጂ ያው ኮሚቴ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሰው በማርቀቁ፣ በማረሙና በማጽደቁ የመሳተፍ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ በግልጽ ይመክራል። ይህን ከሥራው መጀመሪያ በፊት ጠቅሶ መነጋገር ያስከብራል እንጂ አያስቀይምም።

አራተኛው መመዘኛ ገንዘቡ ሲቆም የሚቀረው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት መሥሪያ ቤት አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ ለውጭ አገር አጋሮች አዲስ ንዑስ ድጋፍ (በዋናው ድጋፍ ተቀባይ በኩል የሚተላለፍ ገንዘብ) እንደማይሰጥ ማስታወቁ፣ ሥልጠናን በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ ማቆም ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለብዙዎች አሳይቷል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መረጃው በጅማ ሰርቨር ላይ ይቀራል? ማቀዝቀዣውና ናሙናው እዚህ ይኖራል? የሠለጠነው ሰው ቋሚ የሥራ መደብ አለው? መልሱ በሦስቱም «የለም» ከሆነ ሥልጠናው የሚኖረው እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነው።

የምስክር ወረቀቱን ውበትና የውጭ ጉዞውን ሆን ብዬ ከመመዘኛዎቹ አውጥቻለሁ።

የመመረቂያ ጥናት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለ አማካሪ

ለሬዚደንትና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይህ መንገድ ግዴታ ስለሆነ እንደ ምርጫ አይቆጠርም፤ በዚህም ምክንያት በብዛት የሚባክነው እርሱ ነው። የሕክምና ማዕከሉ ወደ 800 የሚጠጋ አልጋ ያለው፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰፊ አካባቢ ሕመምተኛ የሚላክበት ሆስፒታል በመሆኑ፣ ሌሎች አገሮች ዓመታት የሚጠብቁትን የሕመምተኛ ቁጥር እዚህ በወራት ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ጥያቄው የሠልጣኙ ነው፣ መረጃውም እዚሁ ይቀራል፣ አማካሪውም ኮሪደሩ ላይ ይገኛል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ተረኝነቱ ለመመረቂያ ጥናት ብሎ አይቀንስም። ሁለተኛው የካርድ ጥራት ነው። ካለፉ ዓመታት ካርዶች መረጃ ሊሰበስብ የተነሣ ሬዚደንት፣ የፈለገው የደም ግፊት ወይም የላቦራቶሪ ውጤት በብዙ ካርዶች ላይ እንዳልተጻፈ የሚያውቀው ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጻፍ በፊት ካርድ ክፍል ወርዶ ሠላሳ ያህል ካርዶችን መግለጥና የሚፈለጉት መረጃዎች በስንቱ ላይ እንዳሉ መቁጠር ያስፈልጋል። የሚወስደው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሚያድነው ግን የወራት ድካም ነው። ካርዱ የማይመልሰው ጥያቄ ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚገቡ ሕመምተኞችን በተዘጋጀ ቅጽ መከታተል ይሻላል፤ የናሙናው ቁጥር ቢያንስም ውጤቱ የሚታመን ይሆናል።

ሌላው ብክነት ከመመረቅ በኋላ የሚመጣው ነው። ጽሑፉ በፈታኞች ፊት ቀርቦ፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በጅማ የሚታተመው፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የሆነው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔት እያለ ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል። አማካሪና ተመካሪ ገና ሲጀምሩ ረቂቁ ለመጽሔት የሚላክበትን ወርና የደራሲዎቹን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፈው ቢፈራረሙ፣ ይህ በቤት ውስጥ ያለ መንገድ ከውጭ ፌሎሺፖች ብዙዎቹን የሚስተካከል ሥልጠና ይሆናል።

አጭር የአሠራር ምርምር ሥልጠና

የአሠራር ምርምር የጤና ፕሮግራሞችን የዕለት ሥራ ለማሻሻል የሚደረግ ጥናት ነው። በዚህ ረገድ የሚታወቀው «ሶርት አይቲ» የሚባለው ሥልጠና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ውስጥ ባለው የሐሩር በሽታዎች ምርምርና ሥልጠና ፕሮግራም አስተባባሪነት በብዙ አገሮች ተሰጥቷል። ሠልጣኞች በየክፍሉ አንድ ሳምንት ያህል ለሚፈጁ ትምህርቶች ይሰበሰባሉ፤ ፕሮቶኮል ይጽፋሉ፣ መረጃ ይተነትናሉ፣ በመጨረሻም ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። በየመካከሉ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጠቅላላው ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል። ጥንካሬው ጥብቅነቱ ነው፦ በየደረጃው የተቀመጠውን ግዴታ በቀኑ ያላሟላ አይቀጥልም፣ ጽሑፉም የመጨረሻው ትምህርት ካበቃ በ4 ሳምንት ውስጥ ለመጽሔት መላክ አለበት።

የሚመረመረው አስቀድሞ በጤና ፕሮግራሞች የተሰበሰበ መረጃ በመሆኑ ወጪው ትንሽ ነው፤ የቲቢ መዝገብ፣ የወሊድ መዝገብ፣ የክትባት ሪፖርት ይበቃል። በዞን ጤና መምሪያ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በፕሮግራም አስተባባሪነት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ጅማሬ አላውቅም። አዲስ መድኃኒት መሞከር ወይም በላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት ለሚሻ ግን አይሆንም።

የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና

ኤፒዲሚዮሎጂ በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠና ሙያ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ይህ የሁለት ዓመት የማስተርስ ሥልጠና ከጊዜው ሩብ ያህሉን በክፍል፣ የቀረውን በመስክ ያሳልፋል። ሠልጣኙ ወረርሽኝ ይመረምራል፣ የበሽታ ቅኝት ሥርዓትን ይገመግማል፣ ለውሳኔ ሰጪዎች ሪፖርት ይጽፋል። የተጠበቀ ጊዜ አለው፣ ምክንያቱም መስኩ ራሱ ሥራው ነው። ወደ ሕሙማን ክፍል መመለስ ለሚፈልግ ስፔሻሊስት አይመችም። በሕዝብ ጤና ተቋማት ሕይወቱን ለመገንባት ላሰበ ግን ሌላ ማማረጥ አያስፈልገውም።

በረጅም ጊዜ ጥናት ውስጥ መቀጠር

ጅማ በዚህ በኩል ሀብታም ናት። ከከተማው ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ በግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫ ግድብ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሕዝብና የጤና ክትትል የሚያካሂድ የመስክ ምርምር ማዕከል አለ። በከተማው ውስጥ ደግሞ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የሕፃናት የሰውነት ይዘት ጥናት፣ በጅማ የተወለዱ ሕፃናትን ከልደታቸው አንሥቶ ለዓመታት ተከታትሏል። ያኔ አራስ የነበሩት ዐሥር ዓመት ሲሞላቸውም ተለክተዋል።

በእንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ በአስተባባሪነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት የተቀጠረ ወጣት መጽሐፍ የማያስተምረውን ይማራል፦ የመረጃ ጥራት እንዴት እንደሚጠበቅ፣ እናቶች ለምን እንደሚቀሩ፣ መጠይቅ ተተርጉሞ ወደ ነበረበት ቋንቋ ሲመለስ የት የት እንደሚስት፣ የበጀት ዓመት ሲዘጋ ሒሳብ እንዴት እንደሚወራረድ። ደመወዝም አለው። ትልቁ አደጋ ግን ከላይ በራሴ ላይ የደረሰው ነው፤ ሰውየው ለጥናቱ ይጠቅማል፣ ጥናቱ ግን እርሱን ሳያሠለጥን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤው ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንዲጨመሩ መጠየቅ ይገባል፦ ሠራተኛው በጥናቱ መረጃ ላይ ቢያንስ አንድ ንዑስ ጥያቄ በመጀመሪያ ደራሲነት እንደሚሠራ፣ ለዚህም የሚያማክረው ሰው ማን እንደሆነ። እነዚህን ለመጻፍ የማይፈቅድ ፕሮጀክት የሚፈልገው ሠራተኛ እንጂ ሠልጣኝ እንዳልሆነ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

በጋራ አማካሪነት የሚሠራ ዶክትሬት

መረጃው በጅማ ተሰብስቦ፣ ትንተናውና ጽሕፈቱ በከፊል በአጋር ዩኒቨርሲቲ የሚካሄድበት፣ በተለምዶ «ሳንድዊች» የሚባለው ዶክትሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ብዙ የጅማ መምህራንን በዚህ መንገድ አስተምሯል፤ የሙኒክ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲም ከጅማ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ቆይቷል። አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከሌሎቹ ሁሉ ጥልቅ ሥልጠና የሚሰጠው ይህ ነው፤ የሁለት አገር አማካሪዎችን፣ የላቦራቶሪና የስታቲስቲክስ ድጋፍን፣ የዓለም አቀፍ ትውውቅንም ያስገኛል።

በውጭ ያለው ቆይታ በወራት ተከፋፍሎ ስለሚመጣ፣ ትንሽ ልጅ ላላት እናት ወይም አረጋዊ ወላጅ ለሚጦር ሰው ከሙሉ የውጭ ዶክትሬት ይልቅ የሚቻል ነው። ሆኖም ወደ ጅማ ሲመለስ ሠልጣኙ ገና ተማሪ እንደሆነ ተረስቶ የማስተማርና የሕክምና ሥራው እንዳለ ይጫንበታል፤ ብዙዎች የሚዘገዩት ውጭ ሳሉ አይደለም፣ ጅማ በሚቆዩባቸው ወራት ነው። ክፍሉ ለአራቱም ዓመታት የሥራ ጫናውን የሚወስን ደብዳቤ ካልሰጠ መጀመር አልመክርም። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነም የናሙና ዝውውር ስምምነቱ የተረፈው ናሙና ምን እንደሚሆን በግልጽ መናገር አለበት።

በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ለላቦራቶሪ ሥራ ላዘነበለ ሰው ሌላ አማራጭ ነው፤ በተለይ በቲቢና በሥጋ ደዌ የዳበረ ልምድ አለው። ከጅማ መራቁና የቤት ኪራዩ በሒሳብ ይግቡ። ለቲቢ ብቻ ከሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የማይኮባክቴሪያ ምርምር ማዕከል እዚሁ ስላለ መጀመሪያ እርሱን ማንኳኳት ይሻላል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መንገድ | የሚወስደው ጊዜ | የተጠበቀ ጊዜ | የአማካሪ ቅርበት | የጥያቄና የመረጃ ባለቤትነት | ከገንዘቡ በኋላ የሚቀረው |
|---|---|---|---|---|---|
| የመመረቂያ ጥናት | በትምህርቱ ውስጥ | ደካማ | ቅርብ፣ እንደ አማካሪው | የሠልጣኙ | ሁሉም እዚሁ ይቀራል |
| አጭር የአሠራር ምርምር | ከ9 እስከ 12 ወር | በትምህርት ሳምንታት ብቻ | በቀን ገደብ የታሰረ፣ ጠንካራ | የሠልጣኙና የፕሮግራሙ | ክህሎትና አንድ ጽሑፍ |
| የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ | 2 ዓመት | ጠንካራ | መካከለኛ | የመንግሥት ጤና ተቋም | የሙያ መስመር |
| በረጅም ጥናት መቀጠር | እንደ ውሉ | ሙሉ፣ ግን ለፕሮጀክቱ | በጣም ይለያያል | በስምምነቱ ላይ የተመሠረተ | የመስክና የአስተዳደር ልምድ |
| የጋራ ዶክትሬት | 4 ዓመትና በላይ | በውጭ ጠንካራ፣ በቤት ደካማ | ሁለት አማካሪ | በድርድር | ዲግሪ፣ ትውውቅ፣ የቡድን መሪነት |

ለማን የትኛው?

ተረኝነት ለበዛበትና ምንም በጀት ለሌለው የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ያለውን የመመረቂያ ጥናት በቁም ነገር መያዝ ከማንኛውም ማመልከቻ ይቀድማል። አዲስ ነገር አይፈልግ፤ ይህንኑ እስከ ኅትመት ያድርሰው።

ስታቲስቲክስ የሚከብዳት ነገር ግን መዝገቦቿን ጠንቅቃ የምታውቅ የእናቶች ክፍል ኃላፊ ነርስ አጭሩን የአሠራር ምርምር ሥልጠና ትምረጥ። ጥያቄዎቿ ከሥራዋ የሚመነጩ ስለሆኑ፣ መልሱም በወሩ ሥራ ላይ ይውላል።

በማስተማር ሥራ ላይ ያለ፣ አንድ ሁለት ጽሑፍ ያሳተመ፣ መሪ ተመራማሪ ለመሆን የሚሻ መምህር ለጋራ ዶክትሬት ዝግጁ ነው። ምንም ሳያሳትም ወደዚያ የሚሮጥ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እዚህ በነጻ ሊማር ይችል የነበረውን ለመማር ያጠፋቸዋል። በተመሳሳይ ምክንያት፣ አሁን ከትምህርት ቤት የወጣና ሥራ የሚፈልግ የሕዝብ ጤና ባለሙያ በረጅም ጥናት ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ቢቀጠር፣ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች በደብዳቤው ላይ ካስጻፈ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ይማራል።

ትንሽ በጀት ያለው የትምህርት ክፍል ኃላፊ አንድን ሰው ወደ ውጭ ከመላክ ይልቅ ገንዘቡን ለተተኪ ሐኪም ክፍያ ቢያውለው፣ ሦስት ወይም አራት ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን ነፃ ሆነው ከአንድ ልምድ ካለው አማካሪ ጋር መሥራት ይችላሉ። ይህ በሪፖርት ላይ ሲጻፍ ብዙም አይደምቅ ይሆናል፤ ግን የሚቀር ሰው ያፈራል።

ከመፈረም በፊት

የትብብር ሰነዱን ራሱን ይጠይቁ፤ የማጠቃለያ ገለጻ አይበቃም። ከዚህ ቀደም በዚያው ፕሮግራም ያለፉ ሁለት ሰዎችን፣ በተለይም ያቋረጠውን፣ ያነጋግሩ። ጽሑፎቻቸውን ፈልገው የመጀመሪያ ደራሲዎቹ እነማን እንደሆኑ ይቁጠሩ፤ አንድ ትብብር ስለ ራሱ የሚናገረውን ያህል የደራሲዎቹ ዝርዝርም ይናገራል።

ከዚያ የጊዜ ሰሌዳውን ከአካባቢው ጋር ያስማሙ። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዱ ፕሮፖዛሉን በማስተካከያ ሊመልሰው እንደሚችል በማሰብ ከመስክ ሥራው ከሦስት ወር በፊት ያስገቡ፤ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ስለሚያስፈልግ ከዚያም ይቀድሙ። በክረምቱ ወራት ብዙ የገጠር ቀበሌዎች በመኪና አይደረሱም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡና ለቀማ ስለሆነ ቤት ለቤት የሚሄድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን የሚያገኘው ሕፃናትንና አረጋውያንን ነው። የቤት ለቤት ጥናት ያለው ሠልጣኝ ከጥር እስከ ግንቦት ያሉትን ወራት ለመስክ ቢይዝና ፕሮፖዛሉን በመስከረም ቢያስገባ፣ ክረምቱ ሲገባ መረጃው በእጁ ሆኖ ትንተናውን ይጀምራል።